ታፔላ ሠሪው ለራሱ ታፔላ ሲሰቅል

ባለፈው ታኅሣሥ ነው። የቁልቢ ገብርኤል ንግሥ አምስት ቀን ቀርቶታል። ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ያለችው ትንሽ የህትመትና የማስታወቂያ ቤታችን ውስጥ አምስት ሰው ነን። ባለቤቱ፣ ሁለት ዲዛይነሮች፣ አንድ የማሽን ሠራተኛ፣ እና ትዕዛዝ የምቀበለው ሒሳብም የምይዘው እኔ። በዚያ ጠዋት ኮምፒውተር ሳንከፍት በእጃችን ያለውን ሥራ ሁሉ ቆጠርን። ከትዕዛዝ ደብተሩ፣ ከቴሌግራም፣ ከደረሰኝ ጀርባ፣ ከባለቤቱ ጭንቅላትም ጭምር። 36 ሆነ።

ቁጥሩ ብዙም አላስደነገጠኝም። ሰሞኑ የቁልቢ ነው። ያስደነገጠኝ ሌላ ነው፤ 36ቱም ተጀምረዋል። የማኅበር ቲሸርት አለ፣ ዲዛይኑ አልቆ ህትመቱ የቀረ። የሰርግ ካርድ አለ፣ ታትሞ ያልታጠፈ። የፋርማሲ ታፔላ አለ፣ ብረቱ ተበይዶ ጽሑፉ ያልተለጠፈበት። ደንበኛ ሲደውል የሁላችንም መልስ አንድ ነው፤ «እየተሠራ ነው»። አልዋሸንም። ሁሉም እየተሠራ ነበር፣ አንዱም አላለቀም።

ከዚያ በኋላ ግድግዳችን ላይ የሰቀልነው ነገር ካንባን ይባላል። ስሙ አሁን አሁን በየሥልጠናው ይነሳል። ሶፍትዌር የሚሠሩ ልጆች ያለሱ አያወሩም። ቢሮዎችም በየግድግዳቸው እየሰቀሉት ነው። ታዲያ የሚነገረው ብዙ ጊዜ ስለ ሰሌዳው ነው። ሦስት ዓምድ አስምር፤ «የሚሠራ»፣ «እየተሠራ ያለ»፣ «ያለቀ» ብለህ ጻፍ፤ ወረቀት ለጥፍ፤ አለቀ። እኔ ግን አንድ ዓመት ሊሞላው በተቃረበ ሙከራችን የገባኝ፣ ሰሌዳው ቀላሉ ክፍል መሆኑ ነው። ከባዱ በየዓምዱ አናት ላይ የሚጻፈው ቁጥር ነው። በአንዴ ስንት ሥራ እንደምንይዝ የሚወስነው ጣሪያ። ያ ቁጥር ለሰው «ቆይ» ማለት ነው፤ ድሬ ላይ ደግሞ ሰውን «ቆይ» ማለት ሚስማር እንደመምታት አይቀልም።

ነገሩን ከሥሩ እንየው። ካንባን የጃፓንኛ ቃል ነው። ትርጉሙ ታፔላ፣ የማስታወቂያ ሰሌዳ ማለት ነው። ይህን ስነግራቸው የማሽን ሠራተኛችን ሳቀ። «ታዲያ እኛ ስንሠራው የኖርነው ምንድነው?» አለ።

ቃሉን የሥራ ዘዴ ያደረገው የቶዮታ ኩባንያ ነው። ታይቺ ኦኖ የሚባል መሐንዲስ፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ ኩባንያው ገንዘብ አጥሮት በነበረ ጊዜ ነው ሙከራውን የጀመረው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር እጠቅሳለሁ፣ እንዳንደናገር።) ጊዜው 1940ዎቹ መጨረሻ ነው። የአሜሪካ መኪና ፋብሪካዎች ዕቃ በገፍ አምርተው መጋዘን ይሞሉ ነበር። ቶዮታ ለዚያ የሚሆን ገንዘብም ቦታም አልነበረውም። ኦኖ መልሱን ያገኘው ከመኪና ፋብሪካ ሳይሆን ከአሜሪካ ሱፐርማርኬት ነው። እዚያ መደርደሪያው የሚሞላው ደንበኛ ባነሳው ልክ ነው። ያልተነሳ አይተካም።

ለዚህ አሜሪካ መሄድ አያስፈልግም ነበር፣ አመሻሽ ላይ ሳምቡሳ የምትጠብሰውን ሴትዮ ማየት ይበቃል። ሊጡ ተጠቅልሎ ተዘጋጅቷል። ግን ሁሉንም አንዴ ዘይት ውስጥ አትከተውም። ትሪው ላይ ያለው ሲጎድል ነው አዲስ የምትጨምረው። የጎደለው ትሪ ነው «ጥበሺ» የሚላት። ፋብሪካ ውስጥ ትሪው ሩቅ ነው፣ አይታይም። ስለዚህ ኦኖ ካርድ አደረገበት። አንድ ሳጥን ዕቃ ሲነሳ ሳጥኑ ላይ የነበረው ካርድ ወደ አምራቹ ክፍል ይመለሳል። ካርድ ከመጣ አምርት። ካልመጣ አታምርት። ያለ ካርድ አንድ ቡሎን እንኳ አይሠራም። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ይህ አሠራር በመላው ቶዮታ ተዘረጋ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ካርዱ የሥራ ማስታወሻ አልነበረም። ፈቃድ ነበር። የካርዶቹ ብዛት የተወሰነ ስለሆነ፣ በፋብሪካው ውስጥ በአንዴ ሊኖር የሚችለው ሥራም የተወሰነ ነው። ዛሬ ግድግዳ ላይ ወረቀት ለጥፈን «ካንባን ጀመርን» ስንል የምንረሳው ይህንን ነው። የፈለግነውን ያህል ወረቀት መለጠፍ ከቻልን፣ የሰቀልነው ካንባን ሳይሆን ያማረ የሥራ ዝርዝር ነው።

ለአገራችን ሰው የቶዮታ ትምህርት አዲስ አይደለም። ካይዘንን፣ ያን ሥራን በጥቂት በጥቂቱ የማሻሻል የጃፓን ዘዴ፣ የማያውቅ የመንግሥት ሠራተኛ የለም ማለት ይቻላል። በ2009 በጃይካ፣ በጃፓን መንግሥት የልማት ትብብር ድርጅት፣ ድጋፍ 30 ድርጅቶች ላይ ሙከራ ተጀመረ፤ በ2011 የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። «አምስቱ ማዎች» የሚባሉትን ብዙዎቻችን በቃላችን እንወርዳቸዋለን፤ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ። ካንባን የዚያው ቤት ልጅ ነው። ግን ሳልናገረው የማላልፈው አለ። አንድ ቢሮ ለጉዳይ ሄጄ የካይዘን ሰሌዳ አየሁ። በቀለም የተዋበ፣ በመስታወት የተሸፈነ። መስታወቱ ላይ አቧራ አለ። ውስጥ ያለው ወረቀት የሁለት ዓመት ነበር። አምስተኛዋ «ማ» ሁልጊዜ ታስቸግራለች።

ካንባን ከፋብሪካ ወጥቶ ወደ ቢሮ የገባበት ታሪክ ደግሞ ለእኛ ይበልጥ ይቀርባል። በ2004 ዴቪድ አንደርሰን የሚባል ሰው ማይክሮሶፍት ውስጥ አንድ ቡድን እንዲያግዝ ተጠየቀ። ቡድኑ ህንድ ሃይደራባድ ነው ያለው። ሥራው የኩባንያውን የውስጥ ሶፍትዌሮች መጠገን ነበር። አንድ ጥያቄ ገብቶ እስኪያልቅ አምስት ወር ያህል ይፈጅ ነበር። ነገሩ ሲመረመር ግን ከሠራተኞቹ ጊዜ ከሲሶው ያላነሰው የሚያልቀው ግምት በመስጠት ሆኖ ተገኘ። «ይህ ሥራ ስንት ቀን ይወስዳል፣ ስንት ያስወጣል» የሚል ጥያቄ በየቀኑ ይመጣል፣ የተጀመረው ሥራ ተቋርጦ ግምት ይሰጣል። ከተገመተው ውስጥ ብዙው መጨረሻ ላይ አይሠራም። ግምቱን አቆሙት። በአንዴ የሚያዘው ሥራ ላይ ገደብ ጣሉ። በዘጠኝ ወር ገደማ ውስጥ አምስት ወሩ ወደ ሁለት ሳምንት ገደማ ወረደ።

ይህን ሳነብ ትዝ ያለኝ ፕሮፎርማ ነው። በዚህ አገር ከመሥሪያ ቤት ጋር የሠራ ሰው ያውቀዋል። ግዢ ለመፈጸም ብዙ ጊዜ ሦስት ፕሮፎርማ፣ ማለትም የዋጋ ማቅረቢያ፣ ይጠየቃል። ስለዚህ አንድ ልጅ ደብዳቤ ይዞ ይመጣል። ዲዛይነራችን የያዘውን ትቶ ልኬት ያሰላል፣ ዋጋ ያወጣል፣ እኔ አትማለሁ፣ ማኅተም እመታለሁ። ብዙ ጊዜ ልጁ የሚፈልገው ሦስተኛዋን ወረቀት ብቻ ነው፤ የሚገዙበት ቤት አስቀድሞ ታውቋል። እኛ ለጨረታው ማሟያ ነን። አንድ ሳምንት ፕሮፎርማ ላይ የጠፋውን ሰዓት ስንመዘግብ ባለቤቱ ወረቀቱን ሁለቴ አነበበው። አሁን ፕሮፎርማ የሚሠራው ጠዋት ከሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ሦስት ብቻ ነው። በአምስት ሰዓት የመጣ ለነገ ይቀጠራል። የሚፈልገን ነገ ይመጣል፤ ማሟያ ፈላጊው ጎረቤት ይሄዳል። ጎረቤቶቻችንን ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ወደ ሰሌዳው ልመለስ። የመጀመሪያው ሰሌዳችን በሁለተኛው ቀን ፈረሰ። ከከተማው የገዛነውን ባለ ሙጫ ትንንሽ ወረቀት ነበር የለጠፍነው። ድሬ ደግሞ ያለ ቬንትሌተር አይዋልባትም። ቀትር ላይ ቬንትሌተሩ ሦስት ቁጥር ላይ ሲዞር ካርዶቹ አንድ በአንድ ወረዱ። የሰርግ ካርዱ ትዕዛዝ ከጠረጴዛ ሥር ተገኘ። በማግስቱ የማሽን ሠራተኛችን ኮምፔንሳቶ ቆርጦ ሰቀለ። ካርዱን ከህትመት ትራፊ ወፍራም ወረቀት ቆረጥን፣ በስፒል ወጋነው። ወጪው ምንም ነው። እስካሁን አለ።

ዓምዶቹን ከመጽሐፍ አልወሰድንም። ሥራ እኛ ቤት በሚሄድበት መንገድ አሰመርን። ወረፋ፣ ዲዛይን፣ ደንበኛ ማረጋገጫ፣ ህትመት፣ ማጠናቀቂያ፣ ርክክብ። ማጠናቀቂያ ያልኩት መቁረጡን፣ ማጠፉን፣ ባነር ላይ ቀለበት መምታቱን ነው። እያንዳንዱ ካርድ ላይ ምን፣ ለማን፣ መቼ ገባ፣ ቀብድ ተከፍሏል ወይስ አልተከፈለም ይጻፋል። ከዚያ 36ቱን ካርዶች ባሉበት ደረጃ ሰካን። ወደኋላ ሸሽተን አየን።

ሁላችንም ማነቆው ማሽኑ ነው ብለን እናምን ነበር። ባለቤቱ ሁለተኛ ማተሚያ ለመግዛት ብድር እስከማፈላለግ ደርሷል። ሰሌዳው ላይ ህትመት ሥር የነበሩት ካርዶች አራት ናቸው። ዲዛይን ሥር ዘጠኝ። «ደንበኛ ማረጋገጫ» ሥር 15። የተቀሩት ስምንቱ ማጠናቀቂያ ላይ። ማሽኑ አልነበረም ያነቀን። ሥራዎቻችን በሰው ስልክ ውስጥ ነበር የተቀመጡት። ዲዛይኑን ሠርተን በቴሌግራም እንልካለን። ደንበኛው ያየዋል፣ አይመልስም። እኛም ሌላ ዲዛይን እንጀምራለን። ከአራት ቀን በኋላ «ቀለሙን ቀይሩት» ይላል። ያኔ ዲዛይነሯ ፋይሉን ስትከፍት የሰው ሥራ የከፈተች ያህል ነው፤ ምን አስባ እንደሠራችው ረስታዋለች።

እዚህ ከተማ ማረጋገጫ ደግሞ ቀልድ አይደለም። አንድ የሰርግ ካርድ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛ ሊታዘዝ ይችላል፤ አንዳንዴ ሦስቱም በአንድ ገጽ። የሙሽራው አባት ስም በብዙኃኑ ኃ ነው ወይስ በሃሌታው ሀ? ስሙ የቤተሰብ ጉዳይ ነው። አንዴ በፊደል የተነሳ ሁለት መቶ ካርድ ደግመን አትመናል። ስለዚህ ማረጋገጫውን ዝለሉት የሚባል ነገር የለም። የሚቻለው እዚያ የሚከማቸውን መገደብ ነው።

ማረጋገጫ ላይ ጣሪያውን ስድስት አልን። ስድስት ካርድ እዚያ ካለ ዲዛይነሮቹ አዲስ ሥራ አይጀምሩም። ታዲያ ምን ይሠራሉ? ስልክ ያነሳሉ። «እገሌ፣ የላክንልህን አየኸው?» ይላሉ። ካልመለሰ ሱቁ ቅርብ ከሆነ በእግር ይኬዳል። መጀመሪያ ሰሞን ይህ ለዲዛይነሮቹ ውርደት ነበር። «እኔ ዲዛይነር ነኝ፣ ተላላኪ አይደለሁም» ያለ አለ። ልክ ነው። ግን አስራ ስድስተኛ የተንጠለጠለ ዲዛይን ከመሥራት አንዱን ማስለቀቅ ለቤቱ ይጠቅማል። ሳምንት ሳይሞላ ልጁ ራሱ ዘዴ አመጣ። ዲዛይኑን ከመላኩ በፊት ለደንበኛው ደውሎ «አሁን እልክልሃለሁ፣ ስልኩን ሳትዘጋ እየው» ይለዋል። ከሰሌዳው ያገኘነው ትልቁ ትርፍ ይህቺ ነች። ማንም አሠልጣኝ አልነገረንም።

ገደብ ለምን ይሠራል? ስሌቱ ቀላል ነው። ሦስት ሥራ አለህ፤ እያንዳንዱ የአንድ ቀን ሥራ ነው። በተራ ከሠራሃቸው አንደኛው ደንበኛ በመጀመሪያው ቀን፣ ሁለተኛው በሁለተኛው፣ ሦስተኛው በሦስተኛው ቀን ይረከባል። ሦስቱንም ትንሽ ትንሽ እየነካካህ ከሄድክ ሦስቱም የሚያልቁት በሦስተኛው ቀን ነው። ሦስተኛው ሰው ምንም አልተጠቀመም። ሁለቱን ግን በከንቱ አቆየሃቸው። ይህም ከአንዱ ወደ ሌላው ስትዘል የሚባክነውን ጊዜ ሳንቆጥር ነው።

በ1961 ጆን ሊትል የሚባል አሜሪካዊ ምሁር ይህን በሒሳብ አረጋግጦታል። ሕጉም በስሙ ይጠራል። በአማካይ አንድ ሥራ ቤትህ ውስጥ የሚቆይበት ጊዜ፣ በእጅህ ያለው ሥራ ብዛት በቀን ለሚያልቀው ሲካፈል ነው። እኛ 36 ይዘን በቀን ስድስት ገደማ እንጨርስ ነበር። ስለዚህ አንድ ሥራ በአማካይ ስድስት ቀን ይቆያል። በእጃችን 18 ብቻ ቢሆን ሦስት ቀን። ሰው አልጨመርንም፣ ማሽን አልገዛንም፣ ማንም አልሮጠም።

«ቆይ እንጂ» የሚል አንባቢ ይኖራል። የተቀሩት 18ስ? ወረፋ ላይ ናቸው አይደል? ደንበኛው ውጭ ቢጠብቅ ውስጥ ቢጠብቅ ምን ለየው? ጥያቄው ትክክል ነው፤ ብዙዎቹ የካንባን ሰባኪዎች ያድበሰብሱታል። በቀን ስምንት ትዕዛዝ እየገባ ስድስት ብቻ የሚያልቅ ከሆነ፣ ምንም ዓይነት ሰሌዳ አያድንህም። ወይ ሰው ትጨምራለህ፣ ወይ ትዕዛዝ ትመልሳለህ። ግን ወረፋ ላይ ያለ ሥራና የተጀመረ ሥራ አንድ አይደሉም። ወረፋ ላይ ያለ ካርድ ቢሰረዝ የከሰርከው የለም። ቅደም ተከተሉን ብትቀይር የምታበላሸው ነገር የለም። የተጀመረ ሥራ ግን ቀለም በልቷል፣ ጠረጴዛ ይዟል፣ አእምሮ ይዟል። ከሁሉ በላይ ለደንበኛው እውነተኛ ቀን መንገር ይቻላል። ከፊቱ ስንት ካርድ እንዳለ ቆጥሬ «ሐሙስ» እለዋለሁ። ድሮ «ነገ ና» ነበር የምለው፤ ነገም ሲመጣ «ነገ ና»።

ይህን ለድሬ ሰው ማስረዳት ይቀላል፤ የባቡር ልጆች ነን። ሀዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ እዚህ የደረሰው በ1902 መጨረሻ ነው። ወደ ሐረር ሊቀጥል ታስቦ ተራራው አስቸገረ፣ ከሥሩ ከተማ ተቆረቆረ። አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። ያ አሮጌ መስመር ስፋቱ አንድ ሜትር የሆነ ነጠላ ሀዲድ ነበር። በነጠላ ሀዲድ ላይ ሁለት ባቡር ፊት ለፊት አይለቀቅም። አንዱ ጣቢያ ገብቶ ይቆማል፣ ሌላው ያልፋል። ጎረቤታችን ያሉ ጡረታ የወጡ የምድር ባቡር ሠራተኛ ሰሌዳችንን አይተው ብዙ ማብራሪያ አልጠየቁም። «መስመሩ ካልተለቀቀ አትንቀሳቀስ ነው» አሉ። የቆመው ባቡር ሰነፍ ነው የሚል ሰው የለም። ቢሮ ውስጥ ግን ባዶ እጁን የተቀመጠ ሰው ሲታይ አለቃ ያመዋል። አንድ ሥራ ያሸክመዋል። መስመሩ የሚዘጋው እንደዚያ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ። ሁሉም ሥራ ወረፋ ይይዛል አልን። ድሬ ደግሞ ሁሉም ሰው ይተዋወቃል። የባለቤቱ የአክስት ልጅ ይመጣል። አብሮ የተማረ ይመጣል። የቀበሌ ሰው ይመጣል። ሰላምታ ይረዝማል፣ ሻይ ይታዘዛል፣ ከዚያ «አቦ፣ ይቺን ቶሎ በልልኝ»። እንዴት ብለህ ነው ኮምፔንሳቶ ላይ የተጻፈ ቁጥር የምታሳየው? የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ባለቤቱ ራሱ ነበር ገደቡን የሚሰብረው። ካርድ እንኳ አይሰካም፤ ሹክ ብሎ ለዲዛይነሯ ይሰጣታል። ሰሌዳው ላይ የሌለ ሥራ ቀኑን ሙሉ ይሠራል። እኔ ሰሌዳውን አይቼ ለደንበኛ «ሐሙስ» እላለሁ። ሐሙስ አይደርስም።

መፍትሔ ያልነው ቀይ ካርድ ነው። አንድ ብቻ። አስቸኳይ ሥራ ሲመጣ ቀዩ ካርድ ይሰካል፣ ሁሉንም ያልፋል፣ የሚያስቆመው የለም። ግን ቀዩ ካርድ ሥራ ላይ ካለ ሁለተኛ አስቸኳይ የለም። ይህን አንደርሰንና መሰሎቹም ይመክራሉ። እኛን ግን ያስተማረን ለቅሶ ነው። ሰው ሲሞት ፎቶው ያለበት ባነር በሰዓታት ውስጥ ይፈለጋል። እዚህ ከተማ ሙስሊም ጎረቤትህ በዚያው ቀን ሊቀበር ይችላል፤ ለሰደቃው የሚሆን ነገር ዛሬውኑ ይታዘዛል። ለዚህ ወረፋ የለም፣ ሊኖርም አይገባም። አንድ ቀን ቀዩ ካርድ በአክስት ልጅ የሱቅ መክፈቻ ባነር ተይዞ ሳለ የለቅሶ ሥራ መጣ። ባለቤቱ ማንም ሳይናገረው ካርዱን ነቀለው። ከዚያ ወዲህ ለማን እንደሚሰጠው ያስባል።

ይህን ሁሉ በኮምፒውተር አታደርጉትም ወይ የሚሉን አሉ። ትሬሎ የሚባለው መተግበሪያ ከ2011 ጀምሮ አለ። በ2017 አትላሲያን የተባለው ኩባንያ በ425 ሚሊዮን ዶላር ገዝቶታል፤ ነፃው ክፍል ለትንሽ ቡድን ይበቃል። ሠራተኞቹ በተለያየ ከተማ ላሉ ቡድን ከዚህ የተሻለ የለም። እኛ ግን ሁላችንም አንድ ክፍል ውስጥ ነን። መብራት ሲሄድ ማሽኑም ኢንተርኔቱም አብሮ ይሄዳል። ኮምፔንሳቶው አይሄድም። እንዲያውም መብራት የሄደበት ሰዓት ሰሌዳውን የምናይበትና የምናጥፍ የምንቆርጥበት ሰዓት ሆኗል። ከዚያ በላይ ግን ግድግዳ ላይ ያለ ነገር ደንበኛም ያየዋል። ቆሞ ይቆጥራል። ከፊቱ ያሉትን ካርዶች አይቶ የሚሰጠው ፊት፣ እኔ «ሥራ በዝቶብን ነው» ስለው ከሚሰጠኝ ፊት በጣም ይለያል።

ካንባን የማይሆንበትም አለ። አንድ ጓደኛዬ የሚሠራበት ቢሮ ሰሌዳ ሰቀሉ። አለቃው በየሳምንቱ መጨረሻ ካርድ ይቆጥራል፤ ማን ስንት ጨረሰ። በሁለት ወር ውስጥ ሠራተኛው ዘዴውን አወቀ። አንዱን ሥራ አራት ካርድ ላይ ይከፋፍሉታል። ከባድ ካርድ የሚያነሳ ጠፋ። ሰሌዳው ሥራውን ማሳየቱ ቀርቶ ሰውን መሰለል ጀመረ። ቀን ከሌት አንድ ዓይነት ነገር የሚሠራ ቤትም፣ ለምሳሌ ዳቦ ቤት፣ ይህ ሁሉ ካርድ አያስፈልገውም፤ መደርደሪያው ራሱ ይነግረዋል። አንድ ሰው ብቻውን ለሚሠራውም ደብተር ይበቃዋል ባይ ነኝ፣ ምንም እንኳ ብቻውን የሚሠራ ሰውም ሥራ አብዝቶ እንደሚጀምር ባውቅም። ከራሴ ነው የማውቀው።

ሌላም አለ። ቁጥሩ አንዴ ተጽፎ የሚቀመጥ አይደለም። እኛ ዲዛይን አራት፣ ማረጋገጫ ስድስት፣ ህትመት ሦስት፣ ማጠናቀቂያ ሦስት ብለን ጀመርን። ህትመት ላይ ሦስት በዛ፤ ማሽኑ አንድ ነው፣ ሁለት በቃው። ሰኔና ሐምሌ የተመራቂ ተማሪ ሥራ ሲመጣ ማጠናቀቂያውን ወደ አምስት ከፍ አደረግን፤ ለጊዜው የሚያግዝ ልጅ ስለቀጠርን ነው። ግንቦት ላይ ደግሞ ሙቀቱ ከቀትር በኋላ ሥራ አያሠራም፤ ድሬ በዚያ ሰዓት ትተኛለች። ጠዋት ላይ የሚጀመረውን ቀነስን። ቁጥሩ ለምን እንደተቀየረ በዚያው ኮምፔንሳቶ ጥግ ላይ በእርሳስ እንጽፋለን። ጥጉ አሁን ሞልቷል።

አሁን ደግሞ ቁልቢ እየደረሰ ነው። ቲሸርቱ መምጣት ጀምሯል። ባለፈው ማክሰኞ፣ ምሳ ሰዓት ላይ፣ እኔና ትንሿ ዲዛይነር ብቻ ነበርን። ባለቤቱ ከውጭ ገባ፣ አንድ ካርድ ጻፈ፣ ዲዛይን ሥር ሰካው። አራቱ ቦታ ተይዟል፣ የሱ አምስተኛ ሆነ። ቀይ አላደረገውም፤ ቀዩ ሥራ ላይ ነው። ወደ ጠረጴዛው ሄዶ ተቀመጠ። ልጅቷ ፈጢራዋን አስቀመጠች፣ እጇን ጠረገች፣ ተነሳች። ካርዱን ነቅላ ወረፋው መጨረሻ ላይ ወጋችው።

«አቦ፣ ይሄ ይጠብቅ» አለችው። ድሬ «እርስዎ» የሚለውን ብዙም አታውቅበትም።

ባለቤቱ ሰሌዳውን አየ። ከካርዱ በፊት ያሉትን በጣቱ ቆጠረ። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ደወለና «ዓርብ ነው የሚደርስልህ፣ ዛሬ አልችልም» ሲል ሰማሁት።